በገዳሪፍ ዙሪያ ያለው ደንና ባለድርሻዎቹ

ማሽላና ሰሊጥ የሚነገድባት የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ገዳሪፍ፣ ከእህሉ ሌላ በየቀኑ የምትፈጀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እንጨት ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጡብ ተኳሹ፣ በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ የቤት እመቤቷም ሁሉ እሳታቸውን የሚያነዱት ከከተማው ዙሪያ ተቈርጦ በሚመጣ ግራር ወይም ከግራር በከሰለ ከሰል ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ደን ስንት ዘመን ይቆያል? ማንስ ይጠብቀዋል? ጠብቆ ካቆየውስ በኋላ ማን ይጠቀምበታል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፋሽጋ የሚባለው አገር የሚገኘው በሦስት ወንዞች መካከል ነው። እነዚህም አትባራ፣ ሰቲትና አንገረብ ናቸው። ሦስቱም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ ሰቲት የተባለው የእኛው ተከዜ፣ አትባራ የተባለውም የእኛው ጓንግ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ሹዋክ በአትባራ ዳር ተቈርቍራለች። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ማሽላና ሰሊጥ ግን እጅግ ይስማማዋል። ስለዚህ አገር ወሰን ከ1902 ውል ጀምሮ ያለውን ክርክር፣ በ2020 መጨረሻም ነገሩ እስከ ጦር መሣሪያ መድረሱን አንባቢዎቻችን ሰምተዋል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ወሰን ድንጋይ ሳይሆን ስለ ዛፍ ነው። ዛፉ በወዲህም በወዲያም ያው አንዱ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ላሎ የሚሉትን እሾሃማ ዛፍ፣ ሱዳኖች ፍሬውን ላሎብ ብለው በገበያ ይሸጡታል፤ ልጆችም በሁለቱም ወገን እንደ ከረሜላ ይመጡታል።

በቀድሞ ዘመን በገዳሪፍ ዙሪያ የነበረው የግራር ደን እጅግ ሰፊ ነበር። ደኑን ያሳነሰው በመጀመሪያ መጥረቢያ አይደለም፤ ማረሻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ይኸውም በ1944 እና በ1945፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦሩ ስንቅ ለማግኘት ሲል በዚሁ በዋልካው መሬት ላይ በትራክተር ማረስ ጀመረ። ከጦርነቱም በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄዶ፣ መሬቱ ለነጋዴዎችና ለባለሀብቶች በሺህ በሺህ ፈዳን እየተቈረሰ ታደለ። አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር በጥቂቱ ያነሰ ነው። ትራክተር ዛፍ አይወድም፤ ዛፍ መንገዱን ያጣምምበታል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ተመነጠረ።

የሱዳን መንግሥት ይህን ጉዳት አላየም ማለት አይደለም። በ1989 የወጣው የደን ሕግ፣ በዝናብ የሚታረስ ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ሁሉ ከመሬቱ ከመቶው 10 እጁን፣ በመስኖ የሚያርስም ከመቶው 5 እጁን ለዛፍ እንዲተው ያዛል። እንግዲህ 1000 ፈዳን ያለው ገበሬ 100 ፈዳኑን በዛፍ መሸፈን አለበት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአገሩ የደን ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን በገዳሪፍ እርሻዎች መካከል የሚያልፍ መንገደኛ ትእዛዙ የቱን ያህል እንደ ተፈጸመ በዓይኑ ሊፈርድ ይችላል። ከአድማስ እስከ አድማስ የማሽላ አገዳ እንጂ ሌላ አያይምና።

በዚህ የማሽላ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ከቀሩት ደኖች አንዱ ራዋሽዳ የሚባለው ነው። ከገዳሪፍ ከተማ ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ ስፋቱ 27 ሺህ ሄክታር ያህል ይሆናል። አብዛኛው ዛፉ ሱዳኖች ጣልሕ የሚሉት፣ ቅርፊቱ ቀላ ያለ የግራር ዓይነት ነው። መንግሥት የተከለለ ደን አድርጎ ስለ መዘገበው በወረቀት ላይ ማንም የማይገባበት ሆነ። በደኑ ዙሪያ ግን መንደሮች አሉ። በየዓመቱም ዝናብ ተከትለው የሚመጡ ግመልና ከብት አርቢዎች አሉ። ከእነዚህም በስተጀርባ የከተማው እሳት አለ። ጥቂት ዘበኞች ይህን ሁሉ ሕዝብ ሊመልሱት እንደማይችሉ ማንም ያውቃል። ገበሬው በስውር ያርሳል፤ ከሰል አክሳዩ በሌሊት ይቈርጣል፤ እረኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ዘበኛው አንዱን ሲይዝ አሥሩ ያመልጣሉ። የተያዘውም ቅጣቱን ከፍሎ በማግሥቱ ይመለሳል፤ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለውምና።

በ1980ዎቹ ዓመታት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከደን ባለሥልጣኖች ጋራ ሆኖ በራዋሽዳ ሌላ ዘዴ መሞከር ጀመረ። አሳቡ በጣም ቀላል ነበር፤ ይሁን እንጂ ለደን ሹም ከባድ ነበር። ደኑን ከሕዝቡ መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ በሕዝቡ ማስጠበቅ ይሻላል የሚል ነው። ለዚህም ሕዝቡ ከደኑ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ድርሻውም ችሮታ ሳይሆን የታወቀና የተቈጠረ መሆን አለበት።

አሠራሩን ጥቂት ዘርዝረን ብንናገር የሚጠቅም ይመስለናል። ከደኑ ውስጥ ዛፍ ያለቀበት ራቁት መሬት ተለይቶ ለመንደሩ ሰዎች ይከፋፈላል። ገበሬው በዚያ መሬት ላይ ማሽላውን ወይም ሰሊጡን ይዘራል፤ ነገር ግን በእህሉ መካከል የዛፍ ዘር ወይም ችግኝ እንዲተክልና እህሉን ሲያርም ችግኙንም አብሮ እንዲያርም ግዴታ አለበት። ዛፉ ከፍ ብሎ መሬቱን ጥላ ሲያለብሰው እህል አይሆንም፤ ያን ጊዜ ገበሬው ቦታውን ለዛፉ ለቆ ወደ ሌላ ራቁት ቦታ ይዛወራል። እንደዚህ እያለ ደኑ በገበሬው ጉልበት ይመለሳል፤ ገበሬውም ያለ ስርቆት ይበላል። ቀድሞ የሚሸሸው የደን ሹም ለችግኙ ምክር የሚጠይቀው ሰው ሆነ።

ለከብቱ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። ደኑ በክፍል በክፍል ይከፈላል። ዛፉ ገና ለጋ የሆነበት ክፍል ለግጦሽ ይዘጋል፤ ዛፉ ከከብት አፍ በላይ የሆነበት ክፍል ይከፈታል። ከብት ሣሩን ሲግጠው በበጋ የሚነድ ነገር ያንሳልና ለደኑም ይጠቅማል። በዚያ አገር የደን ትልቁ ጠላት እሳት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ይደርቃል፤ አንድ የከሰል አክሳይ ፍም ወይም አንድ የሲጋራ ቁራጭ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ዛፍ ሊያወድም ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ እንዳቆመ የመንደሩ ሰዎች ከደን ሠራተኞች ጋራ ወጥተው እሳት የማያልፍበት ራቁት መስመር በሣሩ መካከል ይጠርጋሉ። ይህ ሥራ ከዘበኛ ጠመንጃ ይልቅ ደኑን አድኖታል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የሴቶቹ ድርሻ ጭራሮው ነው። የወደቀና የደረቀ እንጨት ለቤት ማገዶ መልቀም የተፈቀደ ሲሆን፣ ርጥብ መቍረጥ ግን ክልክል ነው። ይህ ነገር ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ለምትለቅመው ግን ትንሽ አይደለም። የተፈቀደላት ሴት በቀን፣ ከጎረቤቶቿ ጋራ፣ በታወቀ መንገድ ትሄዳለች። ያልተፈቀደላት ግን ብቻዋን፣ በማለዳ ጨለማ፣ ማንም በማያያት ስፍራ ትሄዳለች፤ ምን ሊደርስባት እንደሚችልም የቤተሰብ ገጻችን አንባቢዎች ያውቃሉ። በመላው ምሥራቅ ሱዳን ለእንጨት የወጡ ሴቶችና ልጃገረዶች የሚደርስባቸው ጥቃት አዲስ ነገር አይደለም። እንግዲህ ደኑ የተጠበቀ ይሁን ስንል፣ ከመጥረቢያና ከእሳት ብቻ ሳይሆን ሰውም በውስጡ ያለ ፍርሃት የሚመላለስበት ይሁን ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። ዱር፣ ጫካ፣ ጥሻ፣ ደን የሚባሉት ቃላት አይምታቱ። ዱር አውሬ የሚኖርበት፣ ሰው ያልሰፈረበት ስፍራ ነው። ጥሻ ለመሄድ የሚያስቸግር የተጠላለፈ ቁጥቋጦ ነው። ጫካ ዛፍ የበዛበት ስፍራ ሁሉ ነው። ደን ግን ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ባለቤትና ጠባቂ ያለው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው ቃል «ወል» ነው። በሰዋስው ትምህርት የወል ስምና የተጸውዖ ስም የሚባሉትን ተምራችኋል፤ የተጸውዖ ስም የአንድ ሰው ወይም የአንድ ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ የወል ስም የሁሉም ነው። የወል መሬት ማለትም እንዲሁ የብዙ ሰዎች የሆነ መሬት ነው። ነገር ግን የወል የሆነ ነገር የማንም ያልሆነ ነገር ማለት አይደለም፤ ብዙ ሹማምንት በዚህ ይሳሳታሉ። የወል ነገር ባለቤቶች አሉት፤ ብዙ ከመሆናቸው በቀር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሱዳን ቤት የጣልሕ እንጨት ለማገዶ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ባለትዳር ሴቶች በቤታቸው ውስጥ ትንሽ ጕድጓድ ቈፍረው ጣልሕ አጢሰው ሰውነታቸውን በጢሱ ይታጠናሉ። ይህንንም ዱኻን ይሉታል። የእኛ አገር እመቤቶች በወይባ እንደሚታጠኑት ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ የጣልሕ ፍልጥ በገበያ ከተራ ማገዶ ይልቅ ዋጋ አለው፤ ያም ዋጋ ራሱ ለደኑ ፈተና ነው።

በምግብም በኩል ልዩነት አለ። የሱዳን እመቤት የማሽላ ሊጥ በብረት ምጣድ ላይ በስሱ አንጥፋ ኪስራ ታወጣለች፤ ቶሎ ይበስላል። እንጀራ ግን የሸክላ ምጣድ ይፈልጋል፤ ምጣዱም እስኪሰማ ድረስ ብዙ እሳት ይበላል። ይህ የኩሽና ልዩነት ብቻ ይመስል ነበር፤ በኅዳር ወር 2020 ግን የደን ጉዳይ ሆነ። በትግራይ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ሰቲትን እየተሻገሩ ወደ ገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ገቡ። ብዙዎቹ ኡም ራኩባ በተባለ ስፍራ ሰፈሩ። ራኩባ በሱዳን አረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ያው ስፍራ በ1980ዎቹ በድርቁ ዘመን የመጡትን ኢትዮጵያውያን ያስጠለለ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቱናይድባ የሚባል ሁለተኛ ሰፈር ተከፈተ።

እንግዲህ በአንድ ጊዜ የበቀለ ከተማ ማገዶ ከየት ያገኛል? ከአጠገቡ ካለው ዛፍ ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አይደለም። ስደተኛው ለዳሱ ምሰሶ ይቈርጣል፤ ለእንጀራውም ይለቅማል። የአገሩ ገበሬ ደግሞ አባቶቹ የጠበቁት ዛፍ ሲያልቅ ያያል። በሁለቱ መካከል ቅሬታ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ እነዚሁ የምሥራቅ ሱዳን መንደሮች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተራ በተራ የመጣውን ስደተኛ ሁሉ ተቀብለው፣ ውሃቸውንና እንጨታቸውን ተካፍለው እስከ ዛሬ መኖራቸው ነው። ለዚህ የሚገባቸውን ምስጋና በጽሑፍ ያገኙ አይመስለንም።

ነገሩን የሚያቃልሉት ሁለት መንገዶች መሆናቸውን ያለፈው ጊዜ አሳይቷል። አንደኛው በሰፈሩ ዙሪያ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ መትከል ነው። ሁለተኛው ምድጃውን ማሻሻል ነው። በአገራችን «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ከብቦ ስለሚይዘው፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያተርፋል። ግማሽ እንጨት ማለት ግማሽ መንገድ ማለት ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ለእንጨት የምትወጣው ልጅ ሁለቱን ቀን ትምህርት ቤት ትውላለች ማለት ነው። የምድጃን ነገር የሴቶች ወሬ ነው ብለው የሚያልፉ ሹማምንት ካሉ፣ ይህን ሒሳብ ደግመው እንዲያዩት እናሳስባለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ሸሹ። ሌሎቹም ገላባትንና መተማን አልፈው ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉ ሰፈሮችም ተቀመጡ። በግንቦት 2024 ብዙዎቹ የደኅንነት ሥጋት ስላደረባቸው ከሰፈሮቹ ወጥተው በአውላላ አቅራቢያ ባለው ጫካ ውስጥ ከዛፍ ሥር አደሩ። ትናንት ኢትዮጵያዊቷ በኡም ራኩባ ከሱዳን ግራር ጭራሮ ለቀመች፤ ዛሬ ሱዳናዊቷ በመተማ ቆላ ከኢትዮጵያ ዛፍ ሥር ልጇን አስተኛች። ከዚህ የበለጠ ስለ ወል ሀብት የሚያስረዳ ነገር ብንፈልግም አናገኝም።

ያው ጦርነት በካርቱም የፈጸመውን ደግሞ መናገር ይገባናል። በነጭ ዓባይ ዳር፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት አጠገብ፣ ሱኑጥ የሚባል የግራር ደን ነበር። በ1939 የተከለለ ሲሆን፣ በየዓመቱ ወንዙ ሲሞላ በውሃ ይዋጣል፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎችም ያርፉበት ነበር። የካርቱም ቤተሰቦች ዓርብ ዓርብ ልጆቻቸውን ይዘው በጥላው ሥር ሻይ ይጠጡ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጠባቂ ጠፋ፤ ጋዝ ጠፋ፤ ደኑም ለማገዶና ለከሰል ተቈረጠ። የቀረው አብዛኛው ጕቶ ነው። በሰላም ጊዜ ያ ደን ወዳጆች ነበሩት፤ የከተማ ሕንፃ ሊሠራበት በታሰበ ጊዜም የተቃወሙለት ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን ወዳጅና ባለድርሻ አንድ አይደሉም። በጥላው የሚቀመጥ ሰው በጦርነት ጊዜ ይሸሻል። የሚያርስበት ሰው ግን የሚሸሽበት ስፍራ የለውምና እንደ ምንም ብሎ ይቆያል።

በአዲስ አበባም ይህ ጥያቄ አለ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነው ጀምሮ፣ ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቍልቍል የሚወርዱት ሴቶች ከተማይቱን ለረጅም ዘመን ሲያሞቋት ኖረዋል። በተራራው ላይ ለሕዝብ መዝናኛ የሚሆን የእንጦጦ ፓርክ በጥቅምት 2020 ተከፈተ፤ ቤተሰብም ንጹሕ አየር ሊቀበል ይወጣበታል። መልካም ሥራ ነው። ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶችም መካከል በማኅበር ተደራጅተው፣ ሸማ ሠርተው ወደ መሸጥ የተዛወሩ አሉ። ዛሬም በቅጠሉ የሚኖሩት ሴቶች በዚያ ተራራ ላይ ድርሻቸው ምን እንደ ሆነ የተጻፈ ነገር ቢኖር ግን፣ ሽርሽረኛውም ተሸካሚዋም በአንድ መንገድ ላይ ሳይሸማቀቁ ይተላለፉ ነበር።

ራዋሽዳን ወደ መሳሰሉት ደኖች ስንመለስ፣ ዛሬ ያለው ችግር የጊዜ ችግር ነው። ሱዳኖች ሐሻብ የሚሉት፣ ሙጫ የሚሰጠው ግራር፣ ከተዘራ በኋላ ለመንካት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ገበሬው ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሶንኪ በሚባል ባለ ረጅም እጀታ ስለት ቅርፊቱን በጥቂቱ ይልጣል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ እንባ የመሰለውን ሙጫ ይለቅማል። ያ ሙጫ ባሕር ተሻግሮ በለስላሳ መጠጥና በመድኃኒት ውስጥ ይገባል። ከሰል ግን ዛሬ ተቈርጦ በሳምንቱ ገንዘብ ይሆናል። የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው፣ አምስት ዓመት ጠብቅ ቢባል ምን ይመልሳል?

ገዳሪፍ በተፈናቃይ በተሞላችበት በዚህ ጊዜ፣ በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ይህን ጥያቄ በየማለዳው ይመልሳል። የተመደበለት መሬት ለከርሞም የእርሱ እንደሚሆን ሹሙ ካረጋገጠለት፣ በማሽላው መካከል የሐሻብ ዘር ይጥላል። ካላረጋገጠለት መጥረቢያውን ይስላል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል፤ ዘሩም መሬት መግባት ያለበት ያን ጊዜ ነው።